ከስር ውጡ

ሰው ሁሉ ወደ ሥራው በእግሩ ይገባል፤ እሷ በእጅም በእግርም ነው። የክሬኑ መሰላል መቶ ሰማንያ ስድስት እርከን አለው። ጠዋት ጠዋት ምሳዋን በጀርባ ቦርሳዋ ይዛ ያንን ሁሉ ትወጣና፣ ጫፍ ላይ ካለችው፣ ከአንድ ቁም ሳጥን ብዙም ከማትሰፋ የመስታወት ካቢን ትገባለች። ከዚያ ሥራ እስኪያበቃ አትወርድም። ውሃ በልክ ትጠጣለች፤ ለምን እንደሆነ መቼም አስረጂን አትሉኝም። በግራና በቀኝ እጇ ማንሻ፣ ከፊቷ መገናኛ ሬዲዮ፣ ከእግሯ በታች ደግሞ ባዶ አየርና ሁለት መቶ ሰው። ሳይቱ ላይ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ቢኖር ደሞዝ ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ "ላይኛዋ" ነው የሚላት።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ድምጿ ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በድምጿ ነውና። እናቷን ጆሯቸው ከከዳቸው ሃያ ዓመት አልፏል። ስለዚህ ቤታቸው ውስጥ ሁሉም ነገር በጩኸት ነው። "ደህና አደርሽ" በጩኸት፣ "ጨው አንሶታል" በጩኸት፣ መዋደዱ ራሱ በጩኸት። ጎረቤት መጀመሪያ ሰሞን ይጣላሉ ብሎ ሊገላግል ይመጣ ነበር፤ በኋላ ለመደው። እንዲህ ያለ ቤት ያደገች ልጅ ድምጿ ከዚያ ከፍታ ወርዶ መሬት ቢደርስ ምን ይገርማል? ወንድ ብትሆን ኖሮ "ጉሮሮው የተባረከ" ይሏት ነበር። እሷን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ያገኛት ሁሉ "ቀስ በይ" ሲላት ነው የኖረው። መምህሩ ቀስ በይ፣ አክስቷ ቀስ በይ፣ የአውቶቡሱ ሾፌር ልትወርድ ስትጣራ ቀስ በይ። ቀስ ብላ ብትጠራው ደግሞ ፌርማታዋን አልፎ ይወስዳታል፤ ያንን የሚያስብላት የለም።

ወንበሯን ያገኘችው በስጦታ አይደለም። ሳይት የገባችው ብሎኬት ተሸካሚ ሆና ነው። ሁለት ዓመት ተሸከመች። ከዚያ መሬት ላይ ቆማ ለክሬኑ ምልክት ሰጪ ሆነች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንጋጣ እጇን ስታወዛውዝ ኖረች፣ አንገቷን እስከ ዛሬ ያማታል። ቀጥላ ማሠልጠኛ ገባች። ከሃያ ሦስቱ ሠልጣኞች ሴት እሷ ብቻ ነበረች። በፈተናው ሁለተኛ ወጣች፤ አንደኛ የወጣው ልጅ ዛሬ ሱቅ ከፍቷል፣ ከፍታ ያዞረዋል አሉ።

አሠልጣኟ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የመከራትም ከልቡ ነው። የምረቃው ቀን ወደ ጎን ጠራትና ማንሻውን ከማንም የተሻለ እንደያዘችው፣ የቀራት ነገር አነጋገሯን ማለዘብ ብቻ እንደሆነ ነገራት። ወንዶቹ ከሴት አፍ ትእዛዝ መቀበል ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ ሬዲዮ ላይ ስትናገሪ ከፊቱ "እባካችሁ" ጨምሪበት፣ አንዲት ቃል ናት፣ አትከብድም አላት። እሷም ተቀበለች። እውነቱን ለመናገር ያኔ ዓይኗ ከወንበሩ በቀር ምንም አያይም ነበር፤ ተዘቅዝቀሽ ተናገሪ ቢሏት እንኳ ትሞክረው ነበር።

ስለዚህ ሥራዋን በልመና ጀመረች። እባካችሁ ገመዱን አጥብቁልኝ። እባካችሁ ትንሽ ፈቀቅ በሉልኝ። እባካችሁ ከስር ውጡልኝ። ልብ በሉልኝ፣ ሁለት ቶን ብረት አናታቸው ላይ አንጠልጥላ ነው የምትለማመጣቸው። ከሷ በፊት እዚያው ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ እናት አባታቸውን ሳይምር ነበር የሚሰድባቸው፤ ዛሬም ሲነሳ "ቆፍጣና ነበር፣ ሥራ ያውቅ ነበር" ይሉታል። እሷን "ምን የመሰለች ጨዋ ልጅ" አሏት። ጨዋነቷን አመሰገኑና እንዳሻቸው ሆኑ። ውጡልኝ ስትል ሲጋራውን የሚጨርስ አለ፣ ወሬውን የሚጨርስ አለ፣ እጁን አውለብልቦ "እሺ የኔ ቆንጆ" የሚልም አለ። እሷ ደግሞ ሰው ከስር እያለ ጭነት አታሳልፍም። አየር ላይ አንጠልጥላ ትጠብቃለች፣ ሥራው ይጓተታል፣ ማታ ለምን ዘገየሽ ተብላ የምትጠየቀው እሷው ናት።

አደጋው የደረሰው በሁለተኛው ዓመት፣ ከምሳ በኋላ ነው። የምታነሳው ፌሮ ነበር፤ ለሶሌታ፣ ለፎቁ ወለል የሚሆን ረጃጅም ብረት በሁለት ሰንሰለት ታስሮ። ከመሬት ተነስቶ አንድ ፎቅ ያህል ከፍ እንዳለ አንደኛው ሰንሰለት ሲንሸራተት ከላይ አየችው። ወዲያው አቆመች። ከስር አንድ ፌሮ አሳሪ አቀርቅሮ ሽቦ ይቆርጣል። የሬዲዮኑን ቁልፍ ተጭና "እባክህ ወንድሜ፣ ከስር ውጣልኝ" አለችው። ድምጿ ምሰሶው ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጥርት ብሎ ወጣ። ሰውየው ሰማ። ቀና ብሎም አየ። እጁንም አነሳላት፤ ጨረስኩ ማለቱ ነው። የቀረችው ሁለት ሽቦ ነበረች። አንዷን ቆረጠ። ብረቶቹ ሁለተኛዋን አልጠበቁትም፤ ሾልከው ወረዱና ግራ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በታች ፈጩት።

ነፍሱ ተረፈች፣ እግሩ አልተረፈም። ሐኪሞቹ ግማሹን ቆረጡት። የምርመራው ሪፖርት ሰንሰለቱን ማን እንዳሰረ በአንድ መስመር ጠቅሶ አለፈና እሷ ላይ ሲደርስ አንድ ገጽ ሞላ። ኦፕሬተሯ አደጋውን አስቀድማ ብታይም ትእዛዙን በግልጽና በቆራጥነት አላስተላለፈችም ይላል። የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይኸው ነው።

ደብዳቤውን እንደተቀበለች ሆስፒታል ሄደች። ምን ብላ ፊቱን እንደምታየው አታውቅም፤ ብርቱካን ይዛ በሩ ላይ ተገትራ ቀረች። ራሱ ነው ግቢ ያላት። ክፉ ቃል አልወጣውም። ብቻ አንድ ነገር ነገራት።

"ሰምቼሽ ነበር እኮ እህቴ። እባክህ ስትይኝ ጊዜ ያለኝ መሰለኝ።"

ያቺ ንግግር አንጀቷ ውስጥ ገብታ ቀረች። ከዚያ ግቢ ስትወጣ እያለቀሰች ነበር፣ እያለቀሰችም ደሟ ፈልቶ ነበር፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም የሚል ካለ ሴት ሆኖ አያውቅም። ሰው ላለማስቀየም ስትጠነቀቅ ሰው አስፈጨች። በነጋታው መሰላሉን ስትወጣ እባካችሁን መሬት ላይ ትታት ወጣች።

ይህን ስል ስድ ሆነች ማለቴ አይደለም። መሬት ላይ ከማንም በላይ ሰው አክባሪ ናት፤ ታላቋን ጋሼ፣ እትዬ ሳትል አትጠራም፣ ሱቅ ስትገባ "እስቲ በሞቴ" ብላ ነው የምትጠይቀው። ካቢኗ ውስጥ ስትሆን ግን ንግግሯ አጠረ። አቁም። ፍታ። ከስር ውጡ። ያንን በእናቷ ቤት ያደገ ድምፅ ሳትቆርስ ለቀቀችው። የመጀመሪያው ቀን አንድ አናጢ ደንግጦ መዶሻውን ጣለ። በሁለተኛው ሳምንት ውጡ ስትል መውጣት ጀመሩ፤ እያጉረመረሙ፣ ግን ወጡ። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ሰው አልተጫረም። ሥራውም ፈጠነ። ምስጋና አልጠበቀችም፣ የመጣም የለም።

የመጣው ስም ነው። አፈኛ አሏት። ምላሰኛ አሏት። ወንዳወንድ አሏት። ባል ያጣችው ለዚህ ነው አሉ፤ ባል ፈልጋ እንደሆነ የጠየቃት የለም። በምሳ ሰዓት ድምጿን እያስመሰሉ አንዱ ሌላውን "ውጣ ከስር" ይለዋል፣ ይሳሳቃሉ። ያው ሰዎች ናቸው፣ የድሮው ኦፕሬተር እናታቸውን ሲሰድብ ሥራ ያውቃል ያሉት። እሷ ያን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አለፈችው። እግሩን ያጣው ሰው በዚያው ሰሞን ተመልሶ በር ላይ ጥበቃ ሆኖ ነበር፤ ጠዋት ስትገባ ከወንበሩ ብድግ ብሎ በሩን ይከፍትላታል። ተቀመጥ ብትለው አይሰማም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ የአናጢዎቹ አለቃ ላይ ደረሰ። የአናጢዎቹ አለቃ ሃምሳ ያለፈው፣ እጁ የተመሰከረለት፣ ክብሩንም እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ ሰው ነው። እሷ ራሷ ብሎኬት ስትሸከም ጀምሮ ጋሼ ነበር የምትለው። አንድ ሐሙስ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ጭነት እያሻገረች ሳለ ነፋስ ድንገት ተነሳ። ጭነቱ አየር ላይ መሽከርከር ጀመረ፤ ከላይ ያሉት ሰሌዳዎች ገመዱን ፈንቅለው ሊወጡ ነው። ከስር አንድ ሰማያዊ ሄልሜት ያደረገ ሰው ወረቀት እያነበበ ይሄዳል። ከዚያ ከፍታ ሰው ፊት የለውም፤ ሄልሜት ብቻ ነው። ቢጫው ሠራተኛ፣ ሰማያዊው አለቃ፣ ነጩ መሐንዲስ። ስም የምታስታውስበት ጊዜ አልነበራትም።

"ሰማያዊው! ሩጥ! ከስር ውጣ!"

ሮጠ። ከሮጠ ሠላሳ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም፣ ግን ሮጠ። ሄልሜቱ ወደቀ፣ ወረቀቱ በነነ፣ ጉልበቱን አሸዋ ክምር ላይ መታው። ሁለት ሰሌዳዎች ከላይ ተወርውረው ቅድም የነበረባትን ቦታ ገመሷት። ከዚያ ከአናጢዎቹ አንዱ ሳቀ፤ አለቃው አሸዋ ላይ በአራት እግሩ ሆኖ ሲያዩት ሌሎቹም ሳቁ። በእኔ እምነት ሰውየውን ያቆሰለው ያ ሳቅ ነው። ግን ሳቁን መክሰስ አይቻልም፤ የከሰሰው እሷን ነው።

በማመልከቻው ላይ በበታቾቼ ፊት እንደ ልጅ ተጮኸብኝ፣ ስሜና ማዕረጌ ሳይጠራ በሄልሜት ቀለም ተጠራሁ ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ደብዳቤ በሳምንቱ መጣላት። ለሥራ ባልደረቦቿ ተገቢውን አክብሮት በጎደለው መልኩ ከፍተኛና አስደንጋጭ ድምፅ ተጠቅማለች ይላል። ወይ ጉድ፣ አስደንጋጭ ይላሉ እንግዲህ። ታዲያ ለማስደንገጥ አልነበረም እንዴ የጮኸችው?

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ኮንቴይነር ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የሳይቱ ሥራ አስኪያጅ፣ የደህንነት ኃላፊውና የአስተዳደር ኃላፊዋ። የአናጢዎቹ አለቃ ጥግ ላይ ጉልበቱን ይዞ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ ስለ መከባበር፣ ስለ አንድ ቤተሰብነት፣ ስለ ሴት ልጅ ለስላሳነት ብዙ ተናገረ። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ሁለቱን ደብዳቤዎች ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

"በመጀመሪያው ለስልሰሻል ብላችሁ ቀጣችሁኝ፤ በሁለተኛው ጮኸሻል ብላችሁ። በመካከላቸው ያለውን ድምፅ አንዳችሁ አሰሙኝና እለማመደዋለሁ።"

የደህንነት ኃላፊው ጫማውን ማየት ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና ነገር ማጣመም አያስፈልግም አለ። እሷ ምስክር አለኝ ብላ የበር ጥበቃውን አስጠራች። እያነከሰ ገባ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ የሆነውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። እባክህ ብላው ነበር፣ ስለዚህ ቸል አለ፤ ዛሬ የምትጮኸውን ያኔ ጮኻበት ቢሆን ኖሮ በሁለት እግሩ በቆመ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አመሰገነውና የዛሬው አጀንዳ አደጋ ሳይሆን ሥነ ምግባር ነው አለው። ከተናገረው አንድ ቃል ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም። ሰውየው ኮፍያውን እንደያዘ ወጣ።

ውሳኔው ይህ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር፣ ሁሉም በሚሰማው ሬዲዮ ላይ፣ ለአናጢዎቹ አለቃና ለሠራተኛው ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ከእንግዲህም በጨዋ ደንብ እንደምትናገር ቃል ትገባለች። አለዚያ ከወንበሯ ተነስታ መጋዘን ትገባለች፤ ሚስማርና ቀለም እየመዘገበች ትቀመጣለች። ክሬኑን ተተኪው ኦፕሬተር ይይዘዋል። የሰባት ዓመት ልፋት በአሥራ ሁለት መስመር ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

አሥራ ሁለቱን መስመሮች ያዘጋጀችው የአስተዳደር ኃላፊዋ ናት። ከቢሮው ሲወጡ ክንዷን ይዛ ወደ ጥላው ወሰደቻት። ደግ ሴት ናት፤ የምትናገረውን ሁሉ "ምናልባት ተሳስቼ ሊሆን ይችላል ግን" ብላ ነው የምትጀምረው፣ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። እሷ ራሷ ሃያ ዓመት እንዲህ እንዲህ ብላ እንዳለፈችው፣ ሐሳቧን ሌላ ሰው ያለው አስመስላ እያቀረበች እዚህ እንደደረሰች፣ ላይኛዋም አንድ ጠዋት አንገቷን ደፍታ ካነበበችው ወንበሩ እንደሚተርፍላት ነገረቻት። አንብቢና ተገላገይ አለቻት። ላይኛዋ ወረቀቱን ተቀበለች። ልቧ አልተናደደባትም፤ የተናደደችው ይህችን የመሰለች ሴት ሃያ ዓመት ሙሉ ይቅርታ እየጠየቀች መኖሯን ስታስብ ነው።

እሑድ ወረቀቱን ለእናቷ አነበበችላቸው። አንድ ጊዜ በልኳ አነበበች፤ አልሰማሁም አሏት። በዓለም ላይ "ጮክ በይ" የሚሏት ሰው እናቷ ብቻ ናቸው። ጮክ ብላ ደገመችው፣ ግቢው በሙሉ ሰማ። እባካችሁ የሚለው ሦስት ቦታ ላይ አለ። እናቷ ልብስ ማጠፋቸውን ትተው አሰቡ።

"ሰውየው ተረፈ ወይስ ሞተ?"

"ተረፈ እማ።"

"ቧጨረው እንኳ?"

"ጉልበቱን አሸዋ ነካው።"

"ታዲያ ይህ ወረቀት ላንቺ መጻፍ የነበረበት አይደለም እንዴ? ማን ነው ያገላበጠው?"

እንዲህ አሉና መልሰው ሥጋት ያዛቸው፤ እናት ናቸው። ካላነበብሽውስ ምን ያደርጉሻል አሏት። መጋዘን እንደምትገባ ነገረቻቸው። መጋዘኑ መስኮት አለው ወይ ብለው ጠየቁ። የለውም አለቻቸው። እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ልብሳቸው ተመለሱ። እሷ ግን እንዳልወሰነች ነው የተኛችው። ጀግና ናት ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ወንበሯን ትወደው ነበር፣ ከዚያ ላይ ሆና ከተማው ሲነቃ የምታየውን ያህል የምትወደው ነገር አልነበራትም፣ ያንን ማጣት ፈራች።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ደረት ኪሷ ከትታ መሰላሉን ወጣች። ካቢኗ ገብታ ወደ ታች ስታይ ጉድ ነው ያየችው። ይቅርታውን ሊሰማ ያልመጣ የለም። አናጢው፣ ፌሮ አሳሪው፣ ግንበኛው፣ የሌላ ምድብ ሰው ሳይቀር ከድምፅ ማጉያው ሥር ተኮልኩሏል። መካከል ላይ ነጩ ሄልሜት፣ ሥራ አስኪያጁ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። አጠገቡ ሰማያዊው። በዚያ ላይ የኮንክሪት መኪናው ቀድሞ ደርሶ ስለነበር ሥራ እንዳይዘገይ ባልዲውን ሞልተው መንጠቆው ላይ አያይዘውታል፤ ይቅርታው እንዳለቀ ወዲያው እንድታነሳ። ያ ባልዲ የሚያልፍበት መንገድ ደግሞ ድምፅ ማጉያው ያለበት ነው። ሳይቱ ላይ ያለው ሰው አብዛኛው፣ አለቆቹ ሳይቀሩ፣ ሰው ሊቆምበት በማይገባው ቦታ ላይ ቆሞ እንድትለምነው ይጠብቃል።

"ኦፕሬተር፣ ሁሉም እየሰማ ነው። ጀምሪ" አለ ሥራ አስኪያጁ በሬዲዮ።

ወረቀቱን አወጣች። የመጀመሪያውን መስመር በዓይኗ አየችው፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ እነዚያ ሁሉ ሄልሜቶች አየች። ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ቁልፉን ተጫነች።

"ከስር ውጡ።"

መጀመሪያ የተነቃነቀው ሰማያዊው ነው። ማንም ሳያዘው፣ ራሱም ሳያስበው፣ ወደ ጎን ዘሎ ወጣ። እሱን ተከትለው አናጢዎቹ፣ ከዚያ ሁሉም፣ አንዱ አንዱን እየገፋ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ አምስት እርምጃ ከሄደ በኋላ ነው የት እንደሚሄድ የገረመው። በአንድ ትንፋሽ መሬቱ ባዶ ሆነ። ነጩ ሄልሜት ቆሞ ሬዲዮኑን ወደ አፉ አነሳ። ይቅርታውን እየጠበቅን ነው አላት፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"ይቅርታ የለኝም" አለች። "እባክህ ብዬ የአንድ ሰው እግር አስቆርጫለሁ፤ ሁለተኛ አላደርገውም። ልትቀጡኝ ከሆነ ቅጡኝ። እዚህ ወንበር ላይ እስካለሁ ድረስ ግን አልለምናችሁም። ምልክት ሰጪ፣ መንገዱ ነጻ ነው?"

ምልክት ሰጪው ወደ ሥራ አስኪያጁ አየ፣ ወደ ባዶው መሬት አየ፣ ከዚያ እጁን ከፍ አደረገ።

"ነጻ ነው። አንሺ።"

አነሳች። ኮንክሪት ሰው እስኪስማማ አይጠብቅም። ውረጂ የሚል ትእዛዝ በመካከሉ መጣላት፤ ጭነት አየር ላይ እያለ ኦፕሬተር ወንበሩን አይለቅም ብላ የደንቡን አንቀጽ ጠርታ መለሰች። አንዱ ባልዲ ሲወርድ ሌላው ይያያዛል፤ እንዲህ እያለች ሶሌታውን ሞልታ ጨርሳ ነው የወረደችው።

ሥራ አስኪያጁ ሊያባርራት ፈልጎ ነበር። የደህንነት ኃላፊው ከተናገረችው ውስጥ የትኛው ቃል ደንብ እንደሚጥስ አሳዩኝ አለ፤ ፈልገው አጡ። የአስተዳደር ኃላፊዋ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የመክፈቻ ቃሏን ሳትል ይህ አይሆንም አለች ይባላል። ከዚያ በኋላ ተከራክረው ተከራክረው አንድ ሳምንት እገዳ ላይ ቆሙ። ሦስተኛው ደብዳቤ አለመታዘዝ ይላል። እሱንም ሳትፈርም መለሰችላቸው፤ ሳምንቷን እናቷ ዘንድ እየጮኸች አሳለፈች።

በዚያ ሳምንት ተተኪው ነበር ወንበሯ ላይ። ገና የመጀመሪያው ጠዋት "ውጡ ከስር እናንተ ደንቆሮዎች" ብሎ ጮኸባቸው። ማንም ማመልከቻ አልጻፈም።

ወንበሯ ተመለሰላት። የአናጢዎቹ አለቃ ይቅርታ አልጠየቃትም፣ እሷም አልጠየቀችውም፤ ዛሬም ጋሼ ትለዋለች፣ ዛሬም ሰላምታው ደረቅ ያለ ነው። በተመለሰች ሰሞን ግን አዳዲስ አናጢዎች ተቀጥረው ነበርና እሱ ነበር ሳይቱን የሚያዞራቸው። መሣሪያው የት እንዳለ፣ ውሃው የት እንዳለ፣ ፊርማው የት እንደሆነ አሳያቸው። ክሬኑ ሥር ሲደርሱ ቆመና ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

"እዚያ ላይ ያለችው ሴት ስትናገር መጀመሪያ ሩጡ" አላቸው። "መቀየም ከፈለጋችሁ ከዚያ በኋላ ትቀየማላችሁ።"